የተረፈ ክር የማን ነው

ጡረታ በወጣሁበት የርክክብ ቀን በልብስ ሥራ ማኅበራችን የጥልፍ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ሥራ አስኪያጁ አቶ ይበልጣል ከጠረጴዛው ኋላ መስኮቱን በጀርባው አድርጎ ቆሟል፤ ቅጹና ማኅተሙ ከፊቱ ናቸው። የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሙሉነሽ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ከእኔ ጋር ብዙ ዓመት የጠለፈችው ብርቱካን ከአዲሱ የጥልፍ ማሽን አጠገብ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ከእግሬ ሥር አንድ የእንጨት ሳጥን አለ።

አቶ ይበልጣል በዕድሜ ልጄ ይሆናል። አለቃዬ ስለነበር ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁና እዚህ ጽሑፍ ላይ እንደ ልጅ እጠራዋለሁ።

በሳጥኑ ውስጥ ያለው የጥልፍ ክር ነው። ይበልጣል ክሩ ለማኅበሩ ገቢ ይሁን ይላል፤ እኔ አይሆንም እላለሁ። እሱ እጅ ከገባ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ቋጠሮው ሁሉ ይፈታል፤ ቀዩ ከቀይ፣ አረንጓዴው ከአረንጓዴ ጋር ይጠቀለልና ለጎብኚ እንዲያምር ግድግዳ ላይ ይደረደራል። ያንኑ ሥራ እኔ ራሴ በወጣትነቴ አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። በዚያ ምክንያት ነው ሳጥኑን ያልለቀቅሁት።

እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የፈተናው ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር እናቴ ብዙም አልተናገረችኝም። በሳምንቱ ገበያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይጠልፉ ወደነበሩት ወደ እትዬ ዘይነባ ወሰደችኝ። ሁለቱ በበሩ ላይ ትንሽ ተነጋገሩ። እናቴ «ፊደል ትጽፋለች» አለች። እትዬ ዘይነባ «እሱስ ይጠቅመኛል» ብለው አስገቡኝ።

መርፌ ያስይዙኛል ብዬ ነበር። የሰጡኝ ግን አንድ ቁራጭ ነጭ አቡጄዲና አንድ ቅርጫት ክር ነው። የእያንዳንዱን ክር ጫፍ በምራቄ አርጥቤ፣ በአቡጄዲው ላይ በአውራ ጣቴ ተጭኜ፣ እስከ ሃያ ቆጥሬ እንዳነሳ አዘዙኝ። ቀለም የለቀቀ ወደ ግራ፣ ያልለቀቀ ወደ ቀኝ ይቀመጣል። ወደ ግራ የሄደው በቀለማም ጨርቅ ላይ እንጂ በነጭ ቀሚስ ላይ አይውልም። ሁለት ወር ሙሉ የሠራሁት ይህንን ነው። ምላሴ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ ሆኖ ቤት ስገባ ወንድሞቼ ይስቁብኝ ነበር።

እትዬ ዘይነባ መቀሳቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ይውሉ ነበር። ክር በጥርስ መቁረጥ ከሳቸው ቤት ያስባርር ነበር፤ በጥርስ የተቆረጠ ጫፍ ይፈራገጣል፣ መርፌ ውስጥ አይገባም ይላሉ። የሁለት ክር ቀለም አንድ መሆኑን ለመለየት ቤት ውስጥ አያዩትም። ቀሚሱን ይዘው ወደ በሩ ይወጣሉ፤ ፀሐይ ከሆነ ደመና እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ ክሩን በጨርቁ ላይ አጋድመው ዓይናቸውን ጨፍነው ይከፍታሉ። ባለጉዳይ እየጠበቀ እንኳ ደመና ይጠብቁ ነበር። «ሰውየው ይቸኩል እንጂ ቀለሙ አይቸኩልም» ይሉኝ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ሰልችቶት «እትዬ፣ ደመናውን ከየት ልግዛልዎት?» ቢላቸው «ጉና ላይ በነጻ ነው፣ ሄደህ ይዘህ ና» አሉት።

ሥራችን ሳይቋረጥ የሚሄድበት ሳምንት ጥቂት ነበር። እሳቸው ዓርብ ከቀትር በኋላ አይሠሩም፤ እኔ እሑድና ለበዓላት መርፌ አልነካም። ይሁን እንጂ አንዳችን በሌለንበት ሌላችን ስለምንኖር በራችን ተዘግቶ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በዚያን ጊዜ ቀሚስ የምታሠራ ሴት ክሩን ከገበያ ራሷ ገዝታ ታመጣለች። እትዬ ዘይነባ ስንት ልቃቂት እንደሚያስፈልግ ይነግሯታል፤ እንዳያንስም ትንሽ ጨምረው ነው የሚነግሯት። ሥራው ሲያልቅ የተረፈው ክር ከቀሚሱ ጋር ይመለሳል። ግን አብዛኞቹ ሴቶች «እኔ ዘንድ ይጠፋል፣ እርስዎ ያስቀምጡልኝ» ብለው ይተዉት ነበር። ይህን የተረፈ ክር ቅሪት እንለዋለን። እትዬ ዘይነባ ቅሪቱን በሁለት ጣታቸው ላይ እያጣመሩ ይጠቀልሉታል፤ በካርቶን ላይ ከተጠቀለለ ይታጠፍና ሲሰፋ ምልክቱ ይታያል። ወገቡን በነጭ ክር ላላ አድርገው ያስሩታል። ከእሱ ጋር የባለቤቲቱ ስም የተጻፈባት ትንሽ የአቡጄዲ ብጣሽ ትታሰራለች። ስሙን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይደለም፣ እስክሪብቶ በክረምት እርጥበት ይፈስሳልና። እናቴ ፊደል ትጽፋለች ያለችው በዚህ ጠቀመ።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ በመጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ክር ክር ነው፤ ቀይ ከጠፋ ቀይ ይገዛል። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፦ በማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር አንድ እንኳ ቢሆን፣ ዘንድሮ የተነከረ ክር ካምና ከተነከረው ጋር አንድ አይሆንም። ጎን ለጎን ካልተሰፋ ማንም አያውቀውም። ጎን ለጎን ሲሰፋ ግን ልጅም ያየዋል። ቀሚስ ከዓመታት በኋላ ቢቀደድ ወይም አይጥ ቢበላው በደንብ ሊጠገን የሚችለው በዚያው በተረፈው ክር ብቻ ነው።

እትዬ ዘይነባ ዘንድ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ልጃቸው ባሕር ዳር ወለደችና ሊያርሷት ሄዱ። ክፍሉን ለእኔ ትተውልኝ ሁለት ወር ያህል ቆዩ። እኔ ሲመለሱ ላስደስታቸው ፈለግሁ። መደርደሪያው በትንንሽ ቋጠሮ የተሞላ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ ነበር። ቋጠሮውን ሁሉ ፈታሁ። ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ ጋር አንድ ላይ ጠቀለልኩና ከደማቁ ወደ ፈዛዛው ደረደርኩት። ብጣሾቹን ጠርጌ አወጣሁ። ጎረቤት ያሉ ሴቶች መጥተው አይተው አመሰገኑኝ። እኔም ክፍሉን በከፈትኩ ቁጥር ቆሜ አየው ነበር። በሕይወቴ በአንድ ሥራ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

እሳቸው ሳይመለሱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ከጉና ሥር፣ ከክምር ድንጋይ ማዶ መጡ። የራሳቸውን የሰርግ ቀሚስ ይዘዋል። የደረቱን ጥልፍ የሠሩት እትዬ ዘይነባ ናቸው። አሁን ልጃቸው ልትዳርበት ነው፤ ግን አይጥ የደረቱን ጥልፍ መዳፍ የሚያህል በልቶታል። ዘይነባ የለችም ወይ አሉኝ። የሉም፣ እኔ እሠራዋለሁ አልኳቸው። ቀዩን ክር የመረጥኩት ከደረደርኩት ውስጥ ነው፤ ያመሳሰልኩትም በአምፖል ሥር ነው። በምራቅም አልፈተንኩትም፤ እዚያ መደርደሪያ ላይ ያለ ሁሉ የተፈተነ ነው ብዬ አመንኩ። ቀለም የማይለቀውንና ወደ ግራ የተለየውን አንድ ላይ የጠቀለልኩት እኔ እንደሆንኩ አላሰብኩም።

ቀሚሱ ቤት ሲደርስ ለሰርጉ አጠቡት። ቀዩ ፈሰሰ። ወንድማቸው በገበያ ቀን ጠቅልሎ አመጣው። እትዬ ዘይነባ የተመለሱት በዚያው ጠዋት ነው፤ ጓዛቸውን ገና አላወረዱም ነበር። ቀሚሱን ይዘው ወደ በሩ ወጡ። በነጩ ላይ በደረቱ ዙሪያ ሮዝ ቀለም ተሰራጭቶ ነበር። ከሮዙም ሌላ፣ እኔ የሠራሁት ቀይ ከዙሪያው ካለው ቀይ ጋር አንድ እንዳልሆነ በቀን ብርሃን ያን ጊዜ አየሁ።

«የጥሩወርቅን ቅሪት አምጪ» አሉኝ።

«የለም» አልኩ።

«ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው።» ይህን ብለው ዞሩና መደርደሪያውን አዩት። ከዚያ «የስንት ሰው ነው አንድ ላይ የጠቀለልሽው?» አሉ።

«አልቆጠርኩትም፣ እትዬ።»

አልጮኹብኝም። ተቀምጠው እኔ የሠራሁትን ነቅለው፣ ቀለም በማይለቅ ክር ራሳቸው ሠሩት። ሮዙን ግን በምንም ማስለቀቅ አልተቻለም። ሲጨርሱ ቀሚሱን አጣጥፈው እጄ ላይ አደረጉት። «ነገ ጠዋት የጋይንትን አውቶቡስ ያዢ። ሄደሽ ትነግሪያታለሽ። በእኔ ስም እንዳትመልሺው፤ የሠራሽው አንቺ ነሽ።»

ክምር ድንጋይ ወርጄ ከዚያ ወደ ጉና በእግር ወጣሁ። ጥር ነበር፤ ገብሱ ተወቅቶ ጭዱ ተከምሯል፣ ብርዱ ጣት ያደርቃል። ቤቱ ስደርስ ሴቶች ለሰርጉ ጉድ ጉድ ይላሉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀሚሱን ከፍተው በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ያዙት።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«ዘይነባ አላየችውም?»

«አላዩትም። አገር አልነበሩም።»

«አሁን ልካሽ ነው የመጣሽ ወይስ በራስሽ?»

«ልከውኝ ነው።»

«ይህንንስ አልዋሸሽም» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሙሽራዋ ቀሚሱን አየችው። «እማዬ በነጭ አገባች፣ እኔ በሮዝ ላግባ እንግዲህ» አለች። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ወደ ታች ልመለስ ስል ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሰርጉ ነገ ነው፣ ውለሽ ትሄጃለሽ ብለው አስቀሩኝ። ቅጣት ይሁን ደግነት አልጠየቅኋቸውም። በማግስቱ ሙሽራዋ ቀሚሱን ለብሳ በላዩ ነጠላ ጣለች፤ ነጠላውን ደረቷ ላይ በአንድ እጇ ይዛ ዋለች። ሴቶቹ እየጨፈሩ ሲከቧት፣ ሲጎትቷት፣ ትከሻዋን አልፈታችም። እጇን ካነሳች ነጠላው ይወርዳል። ከቀትር እስከ ማታ እጇን አላነሳችም። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ያየሁት ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክር በቀለም ደርድሬ አላውቅም።

ስመለስ እትዬ ዘይነባ ምን አለች ብለው አልጠየቁኝም። የጠቀለልኩትን ክር አልጣሉትም፤ ለመለማመጃ ብቻ ይውላል ተባለ። ከዚያ ሁለታችን ተቀምጠን የማንን የማንን ቅሪት እንደፈታሁ ካስታወሱት እየነገሩኝ ጻፍኩ። ከነዚያ ሴቶች አንዷ ቀሚሷን ልታስጠግን ስትመጣ ቅሪትሽ የለም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ የምነግራት እኔ ነበርኩ። ይህ ብዙ ዓመት ቆየ። አንዳንዷ ትሰድበኛለች። አንዳንዷ ትስቃለች። አንዲት የአንበሳሜ ሴት «ይቅር፣ ቀሚሱም አልሆነኝም፣ ወፍሬያለሁ» አለችኝ።

ማኅበሩ ሲቋቋም እትዬ ዘይነባና እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ገባን። ከዚያ ወዲህ ክሩን ማኅበሩ እየገዛ በቀሚሱ ዋጋ ላይ ያስከፍል ጀመር፤ ቅሪቱን ግን እንደ ድሮው በየስሙ እናስቀምጥ ነበር። ደመወዙ ይህን ያህል የሚወራለት አልነበረም። ሁለት ዓመት አንበሳሜ ተልኬ ሴቶችን አሠለጠንኩ፤ ተመልሼ ጥልፍ ክፍሉን ያዝኩ። አለቆቼ ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያዋ ማታ ማታ መርፌ ታስቆጥረን ነበር፤ ሁለተኛው ስብሰባ ይወድ ነበር፤ ሦስተኛው ይበልጣል ነው። ሁለቱ ቅሪቱን ነክተውት አያውቁም፤ የመጀመሪያዋ እንዲያውም ስትሄድ የራሷን ቀሚስ ቅሪት እኔ ዘንድ ትታ ነው የሄደችው።

እትዬ ዘይነባ ዓይናቸው ደከመ። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው ክሩን በጨርቁ ላይ አጋድመው ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ፤ እንደገና ጨፍነው ከፈቱ። «ከእንግዲህ አልለየውም» አሉ። ቅሪቱን ሁሉ ለእኔ ሰጡኝ። ባረፉ ጊዜ ቅሪቱ ቤቴ ከገባ ዓመት አልፎት ነበር።

ቤቴ የወሰድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የማኅበሩ መጋዘን ጣሪያ ያፈሳል፤ ያስጠገነው አለቃ የለም። ደብረ ታቦር ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ግድግዳ ያረጥባል። ክር በፌስታል ውስጥ ከተቀመጠ ያልበዋል፣ ይሻግታል። ቆርቆሮ ዝጎ ያበላሸዋል። ሙዳይ ይተነፍሳል ግን አይጥ ይገባበታል። ስለዚህ የእንጨት ሳጥን አሠርቼ ውስጡን በታጠበ አቡጄዲ ሸፈንኩት። ከወጥ ቤት አራቅሁት፤ ጭስ ነጩን ክር ያበልዘዋል። ከመሬት በሦስት ድንጋይ ከፍ አደረግሁት። ለብል የደረቀ አሪቲ አስገባለሁ፤ ግን በጨርቅ ቋጥሬ ነው፣ ቅጠሉ ክሩን ከነካው ምልክት ይተዋልና። ቀዩ ከነጩ ጋር አይጎራበትም። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስቀል በኋላ፣ ሁሉንም አውጥቼ በጥላ ሥር አናፍሳለሁ እንጂ ለፀሐይ አልሰጥም። ቋጠሮዎቹ የሚቀመጡት በቀለም ሳይሆን በስም ነው፤ በሀ ይጀምራሉ። ብርቱካን አንድ ጊዜ ስናናፍስ ልትረዳኝ መጥታ «እትዬ ታንጉት፣ ይሄ ቤት ነው ቀበሌ? ክሩ ሁሉ መታወቂያ አለው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በሥራ ቦታ ቤቴ «የክር ቀበሌ» ይባል ነበር።

በዓመት ስንት ሰው ቀሚስ ሊያስጠግን ይመጣል? ጥቂት ነው፤ አልዋሽም። ግን ይመጣሉ። አንዲት ሴት ከዋንዛዬ የሟች እናቷን ቀሚስ ይዛ መጣች፤ እጅጌው ላይ እሳት ነክቶታል። የእናቷን ስም ጠየቅኋት፤ ሳጥኑን ከፈትኩ፤ ክሩ ነበረ። በሩ ላይ ወጥቼ አየሁት፤ አንድ ነው። ስጨርስ ሴትየዋ እጅጌውን ገልብጣ፣ ደግማ ገልብጣ አየችውና የቱ ጋ ነበር የተቃጠለው ብላ ጠየቀችኝ። ከአለቃ ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ይበልጣል በመጣ በሁለተኛው ዓመት የጥልፍ ማሽኑ ተገዛ። ማሽኑን አልጠላሁትም። ቀጥ አድርጎ ይሰፋል፣ አይደክመውም፣ ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለማኅበሩ ጥሩ ነው። ስፌቱ ከጀርባው ሲታይ ግን ክሩ የተጠላለፈ ነው፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላውን ይዞ ይወጣል። ይህን ስናገር ወግ አጥባቂ ተባልኩ። ይባል።

ከዚያ ይበልጣል ሌላ ከተማ ያለ አንድ ማዕከል ጎብኝቶ ፎቶ በስልኩ ይዞ መጣ። ግድግዳ ሙሉ ክር በቀለም ተደርድሯል። እኛም እንዲህ እናድርግ፣ ጎብኚ ይመጣል አለ። የመጋዘኑን ክር ደረደረው፤ አልተቃወምኩም፣ አዲስ ክር የማንም አይደለምና። ጡረታዬ ሲቃረብ ግን ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ በቤቴ የሚገኝ የማኅበሩ ክር በሙሉ በርክክቡ ቀን እንዲቀርብ።

ማሸጊያው ያልተከፈተ የማኅበሩ ክር ጥቂት ነበረኝ፤ አንድ በአንድ አስረክቤያለሁ። ሳጥኑንም ይዤ የሄድኩት ግን ለማስረከብ አልነበረም። ቢያየው ይገባዋል ብዬ ነበር። ያ ስሕተቴ ነው።

በርክክቡ ቀን ሳጥኑን ከፍቼ አሳየሁት። አንዱን ቀይ ቋጠሮ አነሳና ብጣሿን አነበበ። ያነበበውን ስም አላወቀውም። ስለ ቅሪቱ ነገርኩት፤ ስለ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልጅም ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ፤ ይህን አልክድም። ከዚያ ክሩን የገዛው ማኅበሩ እንደሆነ ተናገረ።

«ያስከፈለውም ማኅበሩ ነው» አልኩት። «ክሩ በቀሚሱ ዋጋ ውስጥ ነበረ። የሴቶቹ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይወስዱትም? እዚህ ስንት ዓመት ተቀምጧል?»

«አስቀምጭልን ብለው ነው። አደራ ነው።»

ይበልጣል ወደ ወይዘሮ ሙሉነሽ ተመለከተ። እሳቸው ጉልበታቸውን እያሹ መካከለኛ መንገድ አመጡ፤ ባለቤቶቹ በሕይወት ያሉትን እኔ ልያዝ፣ የሞቱትን ለማኅበሩ ልተው። ለሳቸው ተገቢ መስሏቸው ነበር። ይበልጣልም «ይህ ጥሩ ነው» አለ። «ለሠልጣኞች መለማመጃ ይሆናል። የሞተ ሰው ክር ምን ያደርጋል?»

«ሴትየዋ ሞታለች» አልኩት። «ቀሚሱ ግን አልሞተም። ልጇ ትለብሰዋለች።»

ብርቱካን ከማሽኑ አጠገብ «የእኔም እናት ቅሪት እዚያ ውስጥ ነው» አለች። ይበልጣል ዞሮ ሲያያት እጇን እንደገና አጣጠፈች። ገና የምትሠራበት ዓመት አላት፤ ከዚያ በላይ እንድትናገር አልጠበቅሁም።

ይበልጣል ቅጹን ገልብጦ ወደ እኔ አዞረው። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ቀድሞ ጽፎበታል፦ ልዩ ልዩ ቅሪት ክር፣ አንድ ሳጥን። ከሥሩ የእኔ ፊርማ ቦታ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ማኅተም ያርፋል፤ ማኅተም ካረፈ በኋላ የአገልግሎት ደብዳቤዬ ይሰጠኛል። ያለ ደብዳቤው በማኅበሩ ያሳለፍኩት ዓመት በወረቀት የለም።

«ይፈርሙ፣ እትዬ ታንጉት» አለኝ፤ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር እትዬ ሲለኝ። «ደብዳቤዎን ዛሬ ይዘው ይሄዳሉ። ተጽፎ አልቋል።»

እስክሪብቶውን ወሰድኩ። የመጨረሻዋን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኳት። ከሥሩ በሌላው ሁሉ መረከቤንና ማስረከቤን ጽፌ ፈረምኩና ቅጹን መለስኩለት።

«እንዲህ የተሰረዘ ወረቀት ላይ ማኅተም አላደርግም» አለ።

«ገብቶኛል።»

«ደብዳቤውን አያገኙም ማለት ነው እኮ። ይገባዎታል?»

«ይገባኛል።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ «ታንጉት፣ እልህ ነው ይሄ» አሉኝ። እልህ አይደለም ብዬ አልተከራከርኳቸውም። ይበልጣል በእጁ ይዞት የነበረውን ቋጠሮ ጠረጴዛው ላይ ካስረከብኩት የማኅበሩ ቀይ ክር አጠገብ አስቀምጦት ነበር። ሄጄ አነሳሁት። ብጣሿን አነበብኩና በፊደል ተራዋ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ክዳኑን ዘጋሁ። ሳጥኑ ከባድ አይደለም፤ ክር ነው። በሁለት እጄ ይዤው ወጣሁ።